ሕመማችሁን ለወጌሻ ንገሩ፦ በሊጉ ለምትጫወቱ የድሬዳዋ ልጆች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

በድሬዳዋ ለረጅም ዓመታት በወጌሻነት ያገለገልኩ እንደመሆኔ፣ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የመጀመሪያ የውድድር ዘመናችሁን ለምትጀምሩ ሁሉ አንድ ነገር አደራ ማለት እወዳለሁ፤ ሕመማችሁን አትደብቁ። ከቋሚ አሰላለፍ እወጣለሁ የሚለው ስጋታችሁ መሠረት እንዳለው አውቃለሁ፤ የብዙዎቻችሁ ውል አጭር ነው፣ ከደመወዛችሁም ለቤተሰብ የምትልኩት አለ።

የሊጉ አካሄድ ራሱ ለመደበቅ ይገፋፋል። ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰባስበው በየጥቂት ቀኑ በሚጫወቱበት ዙር፣ የተጠማዘዘ ቁርጭምጭሚት ሳይሽር ቀጣዩ ጨዋታ ይደርሳል። አንዲት ተከላካይ ጉልበቷን በፋሻ ጠምጥማ፣ ካልሲዋን ወደ ላይ ስባ ልምምድ ትገባ ነበር፤ ስጠይቃት «ደህና ነኝ» ትላለች። በግንባሯ ኳስ ገጭታ ስትወርድ ግን ዘወትር በቀኝ እግሯ ብቻ ታርፍ ነበር። በጊዜ ስለተደረሰላት ጥቂት ሳምንታት አርፋ ተመለሰች፤ የመጨረሻውን ዙርም ተጫወተች።

እጅግ የምፈራላችሁ የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት መበጠስን ነው። ይህ ጉዳት ሴት ተጫዋቾችን ከወንዶች በእጥፍና ከዚያም በላይ የሚያጠቃ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ማንም ሳይነካችሁ፣ ከዝላይ ስታርፉ ወይም በድንገት ስትዞሩ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ነው። ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ተጫዋች ወደ ጨዋታ ለመመለስ ቢያንስ 9 ወራት ያስፈልጋታል፤ ይህም አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ማለት ነው። ፊፋ ያዘጋጀው 11 ፕላስ የተባለው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ይወስዳል፤ በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት በሆናቸው ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናትም በአጠቃላይ የጉዳቶችን መጠን በሲሶ ገደማ ቀንሷል። ጊዜ የለም ተብሎ ቢታለፍ እንኳ ቀደም ብላችሁ ሜዳ ደርሳችሁ ራሳችሁ ሥሩት።

ድካምም ሕመም ነው። በወር አበባ ብዙ ደም የሚፈሳት ልጅ የብረት ማዕድን እጥረት ሊያጋጥማት ይችላል፤ ፍጥነቷ ሲቀንስ ግን «ሰንፋለች» ይባላል፣ ይህም ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የደም ምርመራ ጠይቁ። ምስርና ጎመን ስትበሉ ሎሚ ጨምሩበት፣ ሻዩንም ከምግብ ጋር ከመጠጣት ቆየት አድርጉት፤ ሻይ ብረቱ በሚገባ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋልና። በግንቦትና በሰኔ የከተማችን ሙቀት ሲበረታ ደግሞ እስኪጠማችሁ አትጠብቁ።

አጥቂዋ ሎዛ አበራ በማልታው ክለብ ቢርኪርካራ መጫወቷን እያነሳችሁ የውጭ ክለብ እንደምትመኙ ትነግሩኛላችሁ፤ ምኞታችሁን እወደዋለሁ። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ክለቦች ከማስፈረማቸው በፊት የሕክምና ምርመራ ያደርጋሉ፤ እዚህ የተደበቀ ጉልበት እዚያ በምስል ይታያል።

ስለዚህ በጨዋታ ማግስት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያ እርምጃዎቻችሁን አስተውሉ፤ የምታነክሱ ከሆነ፣ ወይም ጉልበታችሁ አብጦ ከሆነ፣ ከልምምድ በፊት ወደ ወጌሻችሁ ሂዱ። ወጌሻው ወንድ ሆኖ ካፈራችሁ የቡድን ጓደኛችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ የሚያማችሁን ቦታ፣ መቼ እንደጀመረና በምን እንቅስቃሴ እንደሚብስ ሳታሳንሱ ንገሩት።