ልጄ ቁጡ ሆኖ የተወለደው በእኔ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቢቸና አካባቢ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ድምጿ አይሰማም፣ ካስቀመጧት ቦታ ትገኛለች። ታናሽ ወንድሟ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እሱ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። የፈለገው ነገር ትንሽ ከዘገየ መሬት ላይ ተዘርሮ ይጮኻል፣ ያገኘውን ይወረውራል፣ እኔንም ይመታኛል። አማቴ «ቡዳ በልቶት ነው፣ ክታብ አሠሪለት» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ «መጽሐፉ በትር ነው የሚለው» እያለ በአለንጋ ይገርፈዋል። ቅዳሴ ስለሚረብሽብኝ እኔም ማቁረቡን ትቻለሁ። ሌሊት ሌሊት «በምን ኃጢአቴ ነው?» እያልኩ አለቅሳለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከመጨረሻው ልጀምር፣ እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ነውና። የልጅሽ ቁጣ የኃጢአትሽ ቅጣት አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታ ሁለቱንም ነጻ አድርጓቸዋል (ዮሐ. 9)። የጻፍሽልኝን ሳየው ደግሞ ያንቺ ልጅ ሕመምተኛም አይመስለኝም። ቶሎ የሚነድ ባሕርይ ይዞ የተወለደ ልጅ ነው። በቃ።

ብዙ የወለደች እናት ይህን ታውቀዋለች። አንዱ ገና በአራስነቱ ጡት ትንሽ ሲዘገይበት ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል፣ ሌላው እጁን እየጠባ ይጠብቃል። አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች እንደ ፈረንጆቹ በ1956 ኒውዮርክ ውስጥ ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ መከታተል ጀምረው ነበር። ከመቶው 40 ያህሉ ሁሉን ቶሎ የሚለምዱ፣ 10 ያህሉ እንደ ያንቺ ትንሹ ቁጡና ለውጥ የሚያስጨንቃቸው፣ 15 ያህሉ ደግሞ አዲስ ሰው ለመልመድ ጊዜ የሚፈልጉ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ቅይጥ ናቸው። ለአንቺ የሚጠቅምሽ ግን ቁጥሩ ሳይሆን ቀጥሎ ያዩት ነው። አንድ ልጅ ሲያድግ የሚከፋው ወይም የሚያምርበት በባሕርዩ ብቻ አይደለም፤ ባሕርዩና የወላጆቹ አያያዝ ሲገጥሙ ወይም ሲጋጩ ነው። ስለዚህ ባሕርዩን አንቺ አልሰጠሽውም፣ አያያዙ ግን በእጅሽ ነው።

ቁጡ ባሕርይ በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ ለማየት ያዕቆብንና ዮሐንስን ተመልከች፣ የዘብዴዎስን ልጆች። ጌታ ራሱ «የነጐድጓድ ልጆች» ብሏቸዋል። የሳምራውያን መንደር አልቀበልም ቢላቸው እሳት ከሰማይ ይውረድ ያሉ ናቸው። ጌታ ገሠጻቸው እንጂ አላባረራቸውም። ያ እሳት ይውረድ ያለው ዮሐንስ በኋላ «ወዳጆች ሆይ፣ እርስ በርሳችን እንዋደድ» እያለ የጻፈልን ፍቁረ እግዚእ ነው።

አሁን አንድ ያስፈራኝን ነገር ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ላይ ትልቋን ስታነሺ ደስታሽ ያስታውቃል፣ ትንሹን ግን «ሌላ ፍጥረት» አልሽው። የይስሐቅን ቤት አስታውሺ። ዔሳውና ያዕቆብ ከአንድ ማኅፀን በአንድ ቀን ወጡ፤ አንዱ የበረሃ ሰው፣ አዳኝ፣ ሌላው ጭምት፣ ከድንኳን የማይወጣ። መለያየታቸው ጥፋት አልነበረም። ነገር የተበላሸው አባት አንዱን እናት ሌላውን ይዘው ቤቱን ለሁለት ሲከፍሉት ነው፤ መጨረሻው ወንድም ወንድሙን ሊገድል እስከመዛት፣ እናትም የምትወደውን ልጅ ወደ ሩቅ አገር እስከመሸኘት ደረሰ። በትንሹ ፊት «እኅትህን አታይም?» አትበዪው። ትልቋም ብትሆን ዝም ስላለች ምንም አይጎድልባትም ማለት አይደለም፤ ዝምተኛ ልጅ ቤት ውስጥ ቶሎ ይረሳል። ማኅበር ስታወጪ እንግዶቹ ሲገቡ ቀሚስሽ ሥር ከተወሸቀች «ነይ ውጪ፣ ጉልበት ሳሚ፣ ምን ያሳፍርሻል!» ብለሽ ጎትተሽ አታውጪያት። እጇን ይዘሽ ትንሽ ትቁም፣ ሰዎቹን ትያቸው፤ ጠላው ተቀድቶ ጨዋታው ሲደራ ራሷ ትወጣለች።

ወደ በትሩ ልምጣ። ባለቤትሽ የጠቀሰው ቃል ምሳ. 13፥24 ነው፤ የሚያልቀው ግን «ልጁን የሚወድድ ግን ተግቶ ይገሥጸዋል» ብሎ ነው። መገሠጽ ማለት ማስተማር፣ መመለስ፣ መከልከል ነው። ያው መጽሐፍ «አባቶች ሆይ፥ ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው» ይላል (ቆላ. 3፥21)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ልጅ ሁልጊዜ ከተመታ ዱላውን ይንቀዋል ብሎ አስተምሯል። በሌላ በኩል ደግሞ ልጆቹን ሳይከለክላቸው የቀረው ካህኑ ዔሊ ምን እንደደረሰበት እናውቃለን፤ ስለዚህ ዝም ብለሽ ልቀቂው እያልኩሽ አይደለም።

ግን እስቲ ቤታችሁ ውስጥ የሚሆነውን ልብ በይ። ልጁ ይጮኻል፣ አባቱ ይገርፈዋል፣ ልጁ ብሶበት ይጮኻል፣ አንቺ አንጀትሽ አልችል ሲል የፈለገውን ትሰጪዋለሽ። ከአባቱ የተማረው የተናደደ ሰው እንደሚመታ ነው። ከአንቺ የተማረው አብዝቶ ከጮኸ እንደሚያገኝ ነው። እሱ በባሕርዩ እናንተን ያናድዳል፣ እናንተ በንዴታችሁ ባሕርዩን ታብሱበታላችሁ፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። ይህን አዙሪት የሦስት ዓመት ልጅ ሊያቆመው አይችልም፤ ማቆም ያለበት ትልቅ ሰው ነው። ደግሞም በጥናት የታየው አንድ ነገር ያጽናናሽ፤ እንዲህ ያሉ ቁጡ ልጆች በጭካኔ ከሌሎቹ ይበልጥ ይጎዳሉ፣ በፍቅርና በጽናት ከተያዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ይበልጥ ይጠቀማሉ።

ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ከመንደዱ በፊት ያዢው። ከጨዋታው ልትጠሪው ስትይ ድንገት ብድግ አታድርጊው፤ ቀድመሽ «ቡናው ሲፈላ እንገባለን» በዪው፣ ሲፈላም ቃልሽን ጠብቂ። ሲጮኽ ከላይ ሆነሽ አትጩኺበት። ቁጢጥ በይ፣ ዓይኑን እያየሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ በአጭሩ ተናገሪው። ሊመታሽ ሲል እጁን ያዢው፣ «መምታት አይቻልም» በዪው፣ እስኪበርድለት አጠገቡ ቁጭ በይ። ዛሬ የከለከልሽውን ነገ አትፍቀጂ። አባቱም ያንኑ ይበል። መጀመሪያ ላይ ሊብስ ይችላል፣ ተስፋ አትቁረጪ። ሲያምርበት ደግሞ ሳታመሰግኚው አትለፊ፤ አብዛኛው ልጅ ስሙ የሚጠራው ሲያጠፋ ብቻ ነው።

ክታቡን በፍጹም አታሠሪ። አማትሽ የልጅ ልጃቸውን ስለሚወዱ ነውና በአክብሮት «እማዬ፣ ጸበል እንወስደዋለን» በያቸው። ጸበል ውሰጂው፣ ግን በጸሎትና በእርጋታ ይሁን፣ እንደ ክፉ መንፈስ እያስጮኻችሁት አይሁን። «የተበላ ልጅ» የሚለውን ስም ደግሞ ከቤትሽ አውጪው፤ ልጁ ይሰማል፣ ያምነዋልም። በዚያ ላይ በቡዳ ስም በአገራችን ስንት ሸክላ ሠሪና አንጥረኛ ጎረቤት ያለ ጥፋቱ ተገልሏል! ይህ ነው በንስሐ መታጠብ ያለበት ኃጢአት።

ማቁረቡን ለምን ተውሽው? በአርባ ቀኑ የተጠመቀ፣ ያን ዕለትም የቆረበ ልጅ ነው። ጌታ «ሕፃናትን ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉ» ሲል ጸጥ ያሉትን ብቻ አላለም። ከቅዳሴው መጀመሪያ አንሥቶ ያን ሁሉ ሰዓት ቁም ማለት ለእሱ ከባድ ነውና እንዴት እንደምታደርጊ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ እናቶች ልጅ አዝለው ዛፍ ሥር ሆነው ሲያስቀድሱ የኖሩበት ቅጽር ነው። የሚገላመጥሽ ሰው ካለ እሱ ለራሱ ይጸልይ።

ባለቤትሽን ብቻሽን አትሟገቺው፣ እንደተከሰሰ ይሰማዋል። ሁለታችሁም የንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሂዱና አለንጋው ከቤት እንዲወጣ በእሳቸው ፊት ተስማሙ። ልጁ በስሙ ሲጠሩት ዞር የማይል፣ እንደ እኩዮቹ የማይናገር፣ ወይም ይናገር የነበረውን የተወ ከሆነ ደግሞ ጤና ጣቢያ አስመርምሪው፤ ጸበሉም ሕክምናውም አብረው ይሄዳሉ። ሁለት ሦስት ወር ሞክሪውና መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ስትጽፊ የልጁን የክርስትና ስም አትርሺ፣ በጸሎት እንዳስበው።