መልስ፦ ውድድር ጀማሪዎችን ያርቃል ወይ?

ሰላም ወንድሜ፣ ጅማ ያለው የድንጋይ መውጣት ክለባችሁ ከከተማ ወጥቶ ቢወዳደር ጀማሪዎቹ ይሸሻሉ ወይ ብለሃል። አይሸሹም፣ አዘገጃጀቱን ካወቅክበት እንዲያውም ያቀራርባቸዋል።

ውድድሩን ግን በፍጥነት እንዳታደርገው። ፍጥነት የሚለካው በየአገሩ አንድ ዓይነት በሆነው የ15 ሜትር ሰው ሠራሽ ግድግዳ ላይ ነው። የተፈጥሮ ድንጋይ ላይ የተቻኮለ ሰው የገመዱን ቋጠሮ እንኳ ሳያይ ይነሳል። ይልቅ ልምድ ያለውንና ጀማሪውን አጣምርና ነጥባቸውን ደምር። ያኔ ጎበዙ የራሱን ብቻ አያይም፣ ከታች ቆሞ "ግራ እግርህን ከፍ አድርግ፣ አይዞህ!" እያለ ጓደኛውን ያወጣዋል። በመጀመሪያ ሙከራ ለወጣ ትንሽ ጨምርለት፣ ይበቃል።

ከመነሳታቸው በፊት ጥንዶቹ ይፈታተሹ፤ በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ። የስምንት ቁጥር ቋጠሮው ጠብቋል? የወገብ ቀበቶው ዘለበት ገብቷል? ካራቢነሩ (ገመዱን የሚያያይዘው የብረት ቀለበት) ተቆልፏል? ሄልሜት ከታች ገመድ ለሚይዘውም ግዴታ ነው፣ ድንጋይ የሚወድቀው እሱ ላይ ነዋ!

ጊዜውን በበጋ፣ ታኅሣሥና ጥር አካባቢ አድርጉት። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ ሌሊት ከጣለ ድንጋዩ ስለሚያዳልጥ ቀኑን አስተላልፉ። በማሳ የምታልፉ ከሆነ ባለቤቱን ቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ገመዳችሁስ ስንት ሜትር ነው? ከላይ ዞሮ የሚመለስ ከሆነ ከቋጥኙ ቁመት እጥፍ በላይ መሆን አለበት፣ የታችኛውን ጫፍም ቋጥሩት።