ወደ ኸርሺ የወረደው ልጅ፦ የበረዶ ሆኪ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ የዋሺንግተን ካፒታልስ ደጋፊ ነኝ። ክለቡ በድራፍት (ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) መጀመሪያ ዙር የመረጠውን ልጅ በዋናው ቡድን አጫውቶት ሲያበቃ በታችኛው ሊግ ወደሚጫወተው ተጓዳኝ ቡድኑ፣ ወደ ኸርሺ ይመልሰዋል። ተስፋ ቆረጡበት ማለት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አይደለም። ኮነር ማክማይክልን ይመልከቱ። በ2019 በ25ኛነት ተመረጠ፤ በ2021–22 ለካፒታልስ 68 ጨዋታ ተሰለፈ፤ በረዶው ላይ የሚያገኘው ደቂቃ ግን ጥቂት ነበር። በቀጣዩ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው በኸርሺ ቤርስ ሲሆን ከቡድኑ ጋር የዚያን ሊግ የ2023 ሻምፒዮንነት፣ የካልደር ዋንጫን አነሣ። ከዚያ ሲመለስ በ2023–24 18 ግብ፣ በ2024–25 ደግሞ 26 ግብ አስቆጠረ።

ኸርሺ የሚጫወትበት አሜሪካን ሆኪ ሊግ (ኤኤችኤል) 32 ቡድኖች አሉት፤ እያንዳንዱም ካፒታልስ ከሚጫወቱበት ከከፍተኛው ሊግ፣ ከኤንኤችኤል፣ አንድ ክለብ ጋር የተሳሰረ ነው። ጨዋታዎቹ 72 ናቸው፤ ብዙዎቹም የሚደረጉት ከዓርብ እስከ እሑድ ነው። ስለዚህ በሳምንቱ መሐል ለልምምድ ቀን ይተርፋል። ኤንኤችኤል ውስጥ ቡድኑ ከከተማ ከተማ ሲበር ይህ ጊዜ አይገኝም። ደንቡም ለወጣቱ ያደላል፦ ከግብ ጠባቂዎች ውጭ ከሚሰለፉት 18 ተጫዋቾች ቢያንስ 13ቱ ገና በማደግ ላይ ያሉ መሆን አለባቸው። ከነዚህ 12ቱ የውድድር ዓመቱ ሲጀመር ከ260 በላይ የፕሮፌሽናል ጨዋታ ያልተጫወቱ፣ አንዱ ደግሞ ከ320 ያላለፈ መሆን ይኖርበታል።

ነገሩ የሚበላሸው አሰልጣኙ ማሸነፍ አስጨንቆት፣ ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ሲጎድልበት ያለውን ሁለት ደቂቃ ለነባሮቹ ብቻ ሲሰጥ ነው። ያኔ ልጁ ታችም ወርዶ ተመልካች ይሆናል። ስለዚህ ከግቡ ቁጥር ይልቅ ደቂቃውን ይከታተሉ። ቡድኑ በአንድ ግብ እየመራ ሁለት ደቂቃ ሲቀር እሱ በረዶው ላይ ነው ወይስ ወንበር ላይ? እኔ ስለ አንድ ልጅ ስጠየቅ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ 19 ዓመቱ ነው፤ በኦንታሪዮ ጁኒየር ሊግ ይጫወታል፤ አንድ የኤንኤችኤል ክለብም መርጦታል። ለምን ወደ ኤኤችኤል አይወስዱትም? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ ክለቡ ቢፈልግም ደንቡ ያስረዋል። ከካናዳ ጁኒየር ሊጎች የተመረጠ ልጅ 20 ዓመት እስኪሞላው ወይም አራት የጁኒየር ዓመት እስኪጨርስ፣ ኤንኤችኤል ውስጥ ካልቀረ ወደ ጁኒየር ክለቡ ይመለሳል። በ2025 የተደረሰው አዲሱ የኤንኤችኤልና የተጫዋቾች ስምምነት እያንዳንዱ ክለብ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ወደ ኤኤችኤል እንዲልክ መንገድ ከፍቷል። የኮንትራት ስሌትም አለ፦ የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ በኤንኤችኤል 10 ጨዋታ ካልሞላ የሦስት ዓመቱ የመጀመሪያ ኮንትራት አንድ ዓመት ወደፊት ይገፋል። ብዙ ልጆች ከዘጠነኛው ጨዋታ በኋላ የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው።

አደጋው ልጁ ከእኩዮቹ በልጦ ሳለ መጥፎ ልማድ ማዳበሩ ነው፤ ፓኩን (የሚመታውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) አለቅጥ ይይዛል፣ በረዶው ላይ ከደቂቃ በላይ ይቆያል። በአንድ ተራ ከ40 እስከ 45 ሰከንድ ቆይቶ እንዲቀየር፣ ቡድኑ ሰው ሲጎድልበትም የመከላከሉን ሥራ እንዲጠይቅ ይምከሩት።

ጥያቄ፦ በክረምት ዕረፍት የማሠለጥነው የ20 ዓመት ተከላካይ ከኤኤችኤል አንድ ደረጃ ዝቅ ካለው ከኢሲኤችኤል ወደ ኤኤችኤል ተጠርቶ በሁለት ጨዋታ ተመለሰ። ፓክ ሲያነሣ ይዘገያል አሉት፤ ፍጥነቱ ግን ጥሩ ነው። ምን ላሠራው? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ፍጥነት ካለው ችግሩ ዓይኑ ላይ ነው። ተጋጣሚ ፓኩን ወደ ጥግ ሲልክ ልጁ ዞሮ ይሮጣል፤ ዓይኑን ፓኩ ላይ ተክሎ ይደርሳል፤ አሳዳጁ በየትኛው ትከሻው በኩል እንደመጣ ስለማያውቅ ቆሞ ያስባል። በዚያች ቅጽበት ከቦርዱ (ሜዳውን ከከበበው ግድግዳ) ጋር ያጣብቁታል። በታችኛው ሊግ አሳዳጁ ትንሽ ስለሚዘገይ ስሕተቱ ሳይታይ ያልፋል።

ሁለት ጊዜ ትከሻውን አልፎ ማየት አለበት፦ አንዴ እንደዞረ፣ አንዴ ፓኩ ጋ ለመድረስ ሁለት ሦስት ርምጃ ሲቀረው። ብዙዎች ሁለተኛዋን ይዘሏታል፤ አሳዳጁ ግን አቅጣጫ የሚቀይረው በመሐል ነው። ወደ ቦርዱም በቀጥታ ሳይሆን በማዕዘን ይግባ፤ ሰውነቱ በአሳዳጁና በፓኩ መሐል ይሁን፤ በመጀመሪያው ንክኪ ፓኩን ከቦርዱ ያላቅቀው። እግሩ አይቁም።

ልምምዱ እንዲህ ነው። እርስዎ ፓኩን ወደ ጥግ ይልካሉ፤ ከኋላው የቆመ ረዳት ጣቶቹን ያነሣል፤ ልጁ በሁለቱም ጊዜ ቁጥሩን ጮኾ ይናገራል። ረዳቱ በመሐል ቁጥሩን ይቀይር። በየጥጉ ስድስት ጊዜ፣ በመሐሉ አንድ ደቂቃ ዕረፍት። ከአሥር ስምንቱን በትክክል ሲናገር አሳዳጅ ይጨምሩ፤ በመጀመሪያ ከሁለት ሰከንድ በኋላ፣ ቀጥሎ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ይነሣ። ግራኝ ሆኖ በቀኝ የሚሰለፍ ከሆነ ቦርዱን ተከትሎ የሚመጣው ፓክ በዱላው ጀርባ ስለሚደርሰው ለዚያ ጥግ እጥፍ ጊዜ ይስጡ።

ጥያቄ፦ ግብ ጠባቂ ከኤኤችኤል ወደ ኢሲኤችኤል ሲወርድ ነገሩ አበቃ ማለት ነው? (ከአትላንታ)

መልስ፦ ብሬደን ሆልትቢ በ2009–10 ከሳውዝ ካሮላይና ስቲንግሬይስና ከኸርሺ ጋር ተጫውቷል፤ በ2016 ለኤንኤችኤል ምርጥ ግብ ጠባቂ የሚሰጠውን የቬዚና ሽልማት፣ በ2018 የኤንኤችኤልን የስታንሊ ዋንጫ ወሰደ። ግብ ላይ የሚቆመው አንድ ሰው ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠው በልምምድ የሚያየው አብዛኛው ምት ፊት ለፊት የሚመጣ ነው፤ በጨዋታ ግን ሰው እይታውን ይጋርደዋል፣ ፓኩ በመንገድ ነክቶ አቅጣጫ ይቀይራል፣ መልሶ የተፋውንም ሌላው ይመታዋል። ይህን የሚማረው ተጫውቶ ነው፤ ጨዋታ የሚያገኝበት ሊግ ደግሞ ለጊዜው ትክክለኛው ሊግ ነው።