ሎድ ሳይኖር አምፒር የሚያሳይ ፓወር ሰፕላይ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከመረጥናቸው ጥያቄዎች አራቱም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ በዲጂታል ፓወር ሰፕላይ ማሳያ ላይ የሚታየው ከረንት ከእውነተኛው ጋር አልገጥም ማለቱ።

ጥያቄ፦ ከ0 እስከ 30 ቮልት፣ እስከ 3 አምፒር የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ሠርቻለሁ። ከረንቱን የምለካው በኔጌቲቩ መስመር ላይ ባስገባሁት 0.1 ኦም ሬዚስተር ነው። በሬዚስተሩ ላይ የሚፈጠረውን ቮልቴጅ በኤልኤም358 (ኦፕ-አምፕ የሚባለው ቮልቴጅ አጉሊ ቺፕ) 20 ጊዜ አጉልቼ ለአርዱዪኖ ኡኖ (ፕሮግራም ለሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) እሰጣለሁ፤ ሁለቱም የሚሠሩት በ5 ቮልት ነው። ምንም ሳይያያዝ 0.04 አምፒር ያሳያል። መልቲሜትሩ 1.00 ሲል ማሳያው 1.09 ይላል። ከ1.7 አምፒር ግድም በኋላ ደግሞ ቁጥሩ ጨርሶ አይንቀሳቀስም። በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ማባዣ ብቀያይርም አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል።

መልስ፦ አንዱ ሲስተካከል ሌላው የሚበላሸው ስህተቶቹ ሦስት ስለሆኑ ነው። ሦስቱም ምንጫቸው የተለያየ ነውና በአንድ ማባዣ አይታረሙም። ማባዣውን ለጊዜው ይተዉትና መልቲሜትርዎን ይያዙ።

ቁጥሩ ለምን እንደሚቆም ለማወቅ መለኪያ እንኳ አያስፈልግም፤ ስሌቱ ራሱ ይናገራል። 3 አምፒር በ0.1 ኦም ላይ 0.3 ቮልት ይፈጥራል፤ 20 ጊዜ ሲጎላ 6 ቮልት ይሆናል። በ5 ቮልት የሚሠራ ቺፕ ይህን ሊያወጣ አይችልም። ኤልኤም358 እንዲያውም 5ም አይደርስም፤ ከሚመገበው ቮልቴጅ 1.5 ያህል ዝቅ ብሎ 3.5 ቮልት ግድም ላይ ይቆማል። 3.5 ለ20 ሲካፈል 0.175 ቮልት፣ ማለትም 1.75 አምፒር ነው። ማጉያውን ወደ 11 ያውርዱት፦ ከውጤቱ ወደ ኔጌቲቭ መግቢያ 10 ኪሎኦም፣ ከዚያው መግቢያ ወደ ግራውንድ 1 ኪሎኦም። ያኔ 3 አምፒር 3.3 ቮልት ይሆናል። ይህ ግን ከጣሪያው ጋር በጣም ስለሚጠጋ ኤልኤም358ን ከ12 ቮልት መስመር መመገቡ ይሻላል። እንዲህ ካደረጉ የአርዱዪኖውን ፒን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ መውጫው ሾርት ሲደረግ ኦፕ-አምፑ ከ5 ቮልት በላይ ሊልክ ይችላልና። በመካከል 1 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ ከፒኑ ወደ 5 ቮልቱ ደግሞ ሾትኪ ዳዮድ ያስገቡ።

አሁን ወደ 0.04ቱ እንምጣ። መልቲሜትሩን በ200 ሚሊቮልት ላይ አድርገው፣ ምንም ሎድ (ከመውጫው የተያያዘ ዕቃ) ሳይኖር፣ በ0.1 ኦሙ ሁለት እግሮች ላይ ይለኩ። 4 ሚሊቮልት ካሳየ ስህተት የለም፤ በእርግጥም 40 ሚሊአምፒር እያለፈ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የአርዱዪኖውና የማሳያው የራሳቸው ፍጆታ ነው። የሁለቱ ግራውንድ ከሬዚስተሩ በመውጫው በኩል ስለታሰረ ፍጆታቸው በሬዚስተሩ ውስጥ ያልፋል። ግራውንዱን ወደ ሬክቲፋየሩ ጎን ያዛውሩት። ሬዚስተሩ ላይ 0 ከሆነ ግን ጥፋቱ የኦፕ-አምፑ ኦፍሴት፣ ማለትም በመግቢያው ላይ ያለው የራሱ ትንሽ የቮልቴጅ ስህተት ነው። በኤልኤም358 ከ2 እስከ 3 ሚሊቮልት የተለመደ ሲሆን እስከ 7 ሊደርስ ይችላል፤ በ0.1 ኦም ላይ እያንዳንዱ ሚሊቮልት 10 ሚሊአምፒር ስህተት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት ወጥመድ አለ። ኦፍሴቱ ወደ ታች የሆነ ቺፕ ካጋጠመ ማሳያው ያለ ሎድ ንጹሕ 0 ይላል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። ኦፕ-አምፑ ግን ከ0 በታች መውረድ ስለማይችል ነው እንጂ ትክክል ሆኖ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን 30 ወይም 40 ሚሊአምፒር ጨርሶ አያይም። ስለዚህ ዜሮን በ0 አምፒር አያስተካክሉ፤ በ0.1 አምፒር ያስተካክሉ።

ከ1.09ኙ ላይ 0.04ቱን ሲቀንሱ 1.05 ይቀራል፤ ይህ የ5 በመቶ ስህተት ነው። ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው። በቅድሚያ ሎድ እያለ የአርዱዪኖውን የ5 ቮልት ፒን ይለኩ። ወደ 4.75 ወርዶ ፕሮግራሙ 5 ብሎ የሚያሰላ ከሆነ ንባቡ በ5 በመቶ ይጨምራል። ቀጥሎ የሬዚስተሩ ደረጃ አለ፤ ነጩ የሴራሚክ ሬዚስተር ብዙውን ጊዜ የ5 በመቶ ልዩነት የተፈቀደለት ነው፤ 1 በመቶ ባለው ይተኩት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቦርዱ መዳብ ነው። በተለመደው 35 ማይክሮን ውፍረት፣ ርዝመቱ ከስፋቱ እኩል የሆነ የመዳብ ቁራጭ 0.5 ሚሊኦም ያህል አለው። 2 ሚሊሜትር ሰፍቶ 20 ሚሊሜትር የሚረዝም መስመር 5 ሚሊኦም ይሆናል፤ ይህም የ0.1 ኦም 5 በመቶ ነው። በዚያ ላይ የመዳብ ሬዚስታንስ በየዲግሪው 0.39 በመቶ ስለሚጨምር ሲሞቅ ንባቡ ይንሸራተታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የኦፕ-አምፑን ሁለት ሽቦዎች በቀጥታ ሬዚስተሩ እግር ሥር ይበይዱ፤ ትልቁ ከረንት በሚያልፍበት መስመር አያጋሯቸው። የኦፕ-አምፑ ግራውንድም ከዚያው እግር ይነሣ።

ጥያቄ፦ የእኔ ሻንት (ከረንት የምለካበት 0.1 ኦም ሬዚስተር) ያለው በፖዘቲቩ መስመር ላይ ነው። በ15 ቮልት የሚመገብ አንድ ኦፕ-አምፕና አራት ሬዚስተሮች (ሁለት 1 ኪሎኦም፣ ሁለት 20 ኪሎኦም) ልዩነቱን 20 ጊዜ ያጎላሉ። ሎድ ሳይኖር ቮልቴጁን ከ2 ወደ 12 ስወስድ አምፒሩም አብሮ ከ0.03 ወደ 0.2 ይወጣል። ኦፕ-አምፑን ብለውጥም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ኦፕ-አምፑ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የአራቱ ሬዚስተሮች አለመመጣጠን ነው። ይህ ሰርኪዩት 12ቱን ቮልት ሰርዞ ጥቂት ሚሊቮልት ልዩነትን ብቻ ማስቀረት አለበት፤ የሚሰርዘው ግን ሬዚስተሮቹ በተመጣጠኑ መጠን ነው። 1 በመቶ ሬዚስተሮች በክፉ አጋጣሚ ሁሉም በተቃራኒ ሲስቱ ለ12 ቮልት 23 ሚሊቮልት ግድም የሐሰት ልዩነት ይፈጥራሉ፤ በ0.1 ኦም ላይ 0.23 አምፒር ማለት ነው። ለማረጋገጥ የሻንቱን ሁለት ጫፍ በአጭር ወፍራም ሽቦ ያገናኙና ቮልቴጁን ይጨምሩ። ንባቡ አሁንም ከወጣ በሻንቱ ከሚያልፈው ከረንት ጋር አይገናኝም።

ወደ ግራውንድ የሚሄደውን 20 ኪሎኦም አውጥተው 18 ኪሎኦም ከ5 ኪሎኦም ባለ ብዙ ዙር ትሪምፖት (እየዞረ የሚስተካከል ሬዚስተር) ጋር በሲሪስ ይተኩ። ሻንቱ እንደተገናኘ፣ በ12 ቮልት የሚያዩት ንባብ በ2 ቮልት ካዩት ጋር እኩል እስኪሆን ያዙሩ። እኩል እንደሆነ ያቁሙ፤ ካለፉ ውጤቱ 0 ላይ ይጣበቅና የተስተካከለ ይመስላል። በእኛ ግምት ግን አዲስ የሚሠራ ሰው ለዚሁ ሥራ የተሠራ ቺፕ ቢጠቀም ይሻላል፤ በውስጡ ያሉት ሬዚስተሮች አብረው ስለሚመረቱ እርስ በርስ የተመጣጠኑ ናቸው።

ጥያቄ፦ አይኤንኤ219 የተባለውን ከረንት የሚለካ ሞጁል እጠቀማለሁ። ባትሪ ስሞላ ትክክል ነው። ሞተር በፒደብሊውኤም (በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ በመቆጣጠር) ስነዳ ግን ቁጥሩ ይዘላል፤ አንዳንዴም ሞተሩ ሲነሣ 0 ይሆንና እንደዚያው ይቀራል።

መልስ፦ 0 ሆኖ የሚቀረው ሞተሩ ሲነሣ ቮልቴጁ ለቅጽበት ወድቆ ቺፑን ሪሴት ስለሚያደርገው ነው። ሪሴት ሲሆን የካሊብሬሽን ሬጂስተሩ (ከረንቱን ለማስላት የተጻፈለት ቁጥር) ይጠፋል፤ ያለ እሱ የከረንት ሬጂስተሩ 0 ብቻ ይሰጣል። ካሊብሬሽኑን ከእያንዳንዱ ንባብ በፊት እንደገና ይጻፉት፤ ወይም የሻንት ቮልቴጁን በቀጥታ ያንብቡ። አንዱ እርከን 10 ማይክሮቮልት ነው፤ በሞጁሉ 0.1 ኦም ላይ 0.1 ሚሊአምፒር ይሆናል። ለቺፑ ምግብ ከሞተሩ የተለየ መስመር ቢኖር ደግሞ ችግሩ ከሥሩ ይነቀላል።

የሚዘለው ቺፑ አንዱን ንባብ በ532 ማይክሮሰከንድ ስለሚወስድ ነው፤ ይህ አንዴ ፒደብሊውኤሙ ሲበራ፣ አንዴ ሲጠፋ ይገጥማል። የ128 ንባቦችን አማካይ እንዲወስድ ያዙት፤ 68 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ ቁጥሩ ግን ይረጋል። በመግቢያዎቹ ላይ ማጣሪያ ካስገቡ ሬዚስተሮቹ ከ10 ኦም አይብለጡ፤ ትልቅ ከሆኑ ራሳቸው ስህተት ይጨምራሉ። በመካከላቸው ከ0.1 እስከ 1 ማይክሮፋራድ የሴራሚክ ካፓሲተር ይበቃል። ከ3.2 አምፒር በላይ ይህ ሞጁል እንደማይለካም ያስታውሱ፤ የሞተር መነሻ ከረንት ደግሞ በቀላሉ ከዚያ ያልፋል።

ጥያቄ፦ መልቲሜትሬ ራሱ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በብዙ መልቲሜትሮች የዲሲ ቮልት መለኪያው ከአምፒሩ ይልቅ ይታመናል። ስለዚህ 1 ኦም፣ 1 በመቶ፣ 10 ዋት ሬዚስተር ከሎዱ ጋር በሲሪስ ያስገቡና በእግሮቹ ላይ ቮልቱን ይለኩ፤ የሚያዩት ቮልት በቀጥታ አምፒር ነው። በ2 አምፒር 4 ዋት ስለሚያሞቀው ንባቡን በጥቂት ሰከንዶች ይጨርሱ። ማሳያውንና መልቲሜትሩን በአንድ ጊዜ ያንብቡ፤ አንዱን አንብበው፣ ነቅለው፣ ሌላውን ሲያስገቡ ከረንቱ ራሱ ይለወጣል።

ከዚያ በሁለት ነጥብ ያስተካክሉ። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ባለው ሰርኪዩት፣ ማጉያው 11 ከሆነ በኋላ፣ የኤዲሲው (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው የአርዱዪኖው ክፍል) ቁጥር በ0.1 አምፒር 32፣ በ2 አምፒር 460 ነው እንበል። 1.9 ለ428 ሲካፈል ማባዣው 0.00444 ይሆናል። 32 ሲባዛ በ0.00444 0.142 ነው፤ ትክክለኛው 0.1 ስለሆነ ከእያንዳንዱ ውጤት 0.042 ይቀነሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ፓወር ሰፕላዩ 20 ደቂቃ ያህል ከሠራና ከሞቀ በኋላ ይሁን።