ስለ .375 ርግጫ ለጠየቁት፦ የጎማ ትራስ ከመግዛትዎ በፊት ሰደፉን ይለኩ

በ.375 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም (ለትልልቅ አውሬ አደን በሚያገለግለው ከባድ ካሊበር) ሦስት ጥይት ብቻ ተኩሰው ጉንጭዎ እንዳበጠና የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽርም ቅንድብዎን እንደሰነጠቀው ጽፈው፣ ሰደፉ ጫፍ ላይ የሚገጠም ወፍራም የጎማ ትራስ ልግዛ ወይስ ጠመንጃውን ሸጬ ወደ አነስተኛ ካሊበር ልመለስ ብለው ጠይቀዋል። ሁለቱንም አያድርጉ። እኔም ከዓመታት በፊት በዚያው ካሊበር ያንኑ ቁስል አትርፌአለሁ፤ ጠባሳው ዛሬም ከቀኝ ቅንድቤ በላይ አለ። ከትከሻዎ ይልቅ ስለ ጉንጭዎ ማማረርዎ ብቻ ጥፋቱ የሰደፉ መሆኑን ይነግረኛል።

1. ሰደፍ የርግጫውን መጠን አይቀንስም። 19.4 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 770 ሜትር ገደማ ሲወጣና የባሩዱ ጋዝ ሲታከልበት፣ 4.1 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ጉልበቱም 50 ጁል አካባቢ ነው፤ ከተለመደው የአደን ካሊበር ከ.30-06 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ይህን የሚቀንሰው የጠመንጃውን ክብደት መጨመር፣ ለዘብ ያለ ጥይት መጠቀም ወይም አፈሙዙ ላይ ጋዙን ወደ ጎን የሚለቅ ብሬክ መግጠም ነው። ብሬኩ ግን ፍንዳታውን ወደ ተኳሹና አጠገቡ ወደቆመው ሰው ጆሮ ስለሚመልሰው እኔ አልወደውም። ሰደፉ የሚወስነው ያ ጉልበት በየት በኩል እንደሚያገኝዎ ነው።

2. የሰደፉን መስመር ይመልከቱ። ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ከአፈሙዙ አናት ጋር አስተካክለው ወደ ኋላ ቢዘረጉ፣ የሰደፉ ተረከዝ (የኋላ ጫፉ ላይኛው ማዕዘን) ከዚያ መስመር ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ያያሉ። የእኔው 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነበር። ምቱ የሚመጣው በአፈሙዙ መስመር፣ ትከሻ የሚደግፈው ደግሞ ከዚያ በታች ሲሆን፣ አፈሙዙ ወደ ላይ ይዘላል፣ የሰደፉም ጀርባ (ጉንጭ የሚያርፍበት የላይኛው ጠርዝ) ጉንጭን ከታች ይመታል። እንዲህ ያለው ሰደፍ የተሠራው በብረት ማነጣጠሪያ ለሚተኩስ ሰው ነው። መነጽር ሲጫንበት ዓይን ከፍ ማለት ስለሚኖርበት ጉንጭ ከእንጨቱ ይለቃል፤ እንጨቱም ተንደርድሮ ይመታል። ጀርባው ወደ ፊት ዝቅ እያለ የሚሄድ ሰደፍ ግን ወደ ኋላ ሲመጣ ከጉንጭ ይሸሻል።

3. ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለውን ርዝመት ይለኩ። የእኔ 33 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ እጄ ረጅም በመሆኑ 35.5 ያስፈልገኝ ነበር። ያነሰችው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዓይኔን ከመነጽሩ አፍ ላይ አሳርፋው ኖሯል። ይህን ግን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ መጀመሪያ የሄድኩበት የጠመንጃ ጥገና ቤት ሰውየው ጠመንጃውን ሳይነካ ያበጠ ፊቴን አይቶ ሳቀና፣ «ይሄ እኮ ለደካማ ሰው አይሆንም» ብሎ ካለው ሁሉ ወፍራሙን ትራስ ሸጠልኝ። አንድም ጊዜ ጠመንጃውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እንዳሳየው አልጠየቀኝም። ትራሱ ትከሻዬን አዳነ፤ ጉንጬ ግን ማበጡን ቀጠለ።

አራተኛው ምክር ሊሆን የነበረው እንግዲህ የእኔ ስንፍና ነው። ተናድጄ፣ ጠመንጃውን ከኋላ በቆዳ ኪስ አጥብቆ የሚይዝ የብረት መደገፊያ ገዛሁና ሁለት ከረጢት የእርሳስ ጥራጥሬ ጫንኩበት። ምንም አልተሰማኝም። እንደ ጌታ ተቀምጬ 18 ጥይት ተኮስኩ፤ በ19ኛው ላይ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ከፍንዳታው ኋላ መጣ። ሳየው ከብረቱ ጅራት (ወደ ሰደፉ አንገት ከሚዘልቀው የጠመንጃው ብረት ጫፍ) ተነሥታ የሰደፉን አንገት ይዛ የወረደች ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ነበረች። ጠመንጃ በሰው ትከሻ ላይ ሲተኮስ ሰውነት አብሮት ወደ ኋላ ስለሚሄድ ምቱ በጊዜ ይከፋፈላል፤ ተጠፍሮ ሲያዝ ግን ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንጨቱ ላይ ያርፋል፤ አንገቱ ደግሞ ከሰደፉ ሁሉ ቀጭኑ ቦታ ነው። በዚያ ላይ የእኔው ሰደፍ የእንጨቱ ጭረት (የተፈጥሮ ክሩ) በአንገቱ ላይ አግድም ያለፈ፣ ከብረቱ ጅራት ኋላም ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት እንኳ ያልተተወለት ነበር፤ ስለዚህ ብረቱ እንደ ሽብልቅ ገባበት። የዎልነት እንጨቱ ውበት ገና ሳስበው ያንገበግበኛል።

ለአምራቹ የዋስትና ክፍል ፎቶግራፍ አያይዤ ጻፍኩ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፤ ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው የሚል። ስደውል ያነሣው ሰው ስለ እንጨቱ ጭረት የጠየቅሁትን ሳይጨርስ ዘጋብኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ክብደት እንዳይበዛ የሚያስጠነቅቀውን ገጽ ከመደገፊያው መመሪያ ውስጥ ያገኘሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

በመጨረሻ ሥራውን የሚያውቅ ሰደፍ ሠሪ አገኘሁ። እሱ ከሁሉ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ ጠመንጃውን እንዳነሣ፣ ከዚያ ዓይኔን እንድገልጥ አዘዘኝና ከዓይኔ እስከ መነጽሩ ያለውን ርቀት ለካ። አዲሱ ሰደፍ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ምቱን የሚቀበለው የብረት ጉብታ የሚያርፍበት ቦታ በኢፖክሲ ተሞልቷል፤ ከኋላውም አግድም የብረት ችንካር ገብቶበታል። የፊተኛው የማንገቻ ቀለበት፣ በየተኩሱ ግራ እጄን ይልጠው ስለነበር፣ ከእንጨቱ ተነሥቶ ወደ ብረቱ ተዛወረ። ዋጋው ከጠመንጃው ግማሽ በላይ ነበር። አሁን ከነመነጽሩ 4.6 ኪሎ ይመዝናል፤ ያንኑ ጥይት ቆሜ በአንድ ጠዋት 20 ጊዜ ተኩሼ ጉንጬ አልቀላም። ያን ጊዜ ይስቅብኝ የነበረ ጓደኛዬ ዛሬ ልሞክረው እያለ ይለምነኛል።

እርስዎ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የታጠፈ ጨርቅ በሰደፉ ጀርባ ላይ በፕላስተር ጠቅልለው፣ ጉንጭዎ ተደላድሎ መነጽሩ ሙሉ ሆኖ እስኪታይዎ ከፍ ያድርጉት፤ ከዚያም ጠረጴዛ ላይ ሳይደገፉ ቆመው፣ ከአምስት ጥይት ሳያልፉ ይሞክሩ። ይህም ቅንድብዎ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ ይሁን። እኔ ቸኩዬ በመጀመሬ ለአራት ወር ምላጭ ከመሳቤ በፊት ዓይኔን እጨፍን ነበር፤ ይህንንም ያወቅሁት ጓደኛዬ ሳያስታውቀኝ የማይፈነዳ የመለማመጃ ጥይት ከደህናው ጋር ቀላቅሎ ሲያጎርስልኝ፣ ባዶው ጠመንጃ በእጄ ላይ ሲርገፈገፍ አይቼ ነው።