«ሕጋዊ ነው፣ ይመረመራሉ» ለተባለ ወንድም የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከርመዋል? የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ኑሮዬ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። እዚህ የዝሙት ቤቶች የመንግሥት ፈቃድ አላቸው፣ ግብርም ይከፍላሉ። ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ፤ የመጨረሻው በኅዳር ማለቂያ ነው። በኮንዶም ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሐይቅ ካለች እጮኛዬ ጋር ሠርግ ተቆርጧል፤ ቤተሰብ በተክሊል ይሁን ብሏል። ጓደኞቼ «ሕጋዊ ነው፣ ሴቶቹም ይመረመራሉ፣ የሰው ሚስት አልነካህም፤ ምን ያስጨንቅሃል?» ይሉኛል። አንድ አባት ደግሞ «ጸበል ከተጠመቅህ ምርመራ አያስፈልግህም» አሉኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ኃጢአቱ እንዴት ይታያል? ልመርመር ወይ? ለእሷስ ልንገራት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ የደረሰኝ በጥር መጨረሻ ነው። ቀኑን የማነሣው ለምርመራው ስለሚያስፈልገን ነው፤ እመለስበታለሁ።

ጓደኞችህ «ሕጋዊ ነው» ያሉት እውነት ነው፤ ግን ያልተጠየቀውን ነው የመለሱት። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በከተማቸው ወደ ጋለሞታ መሄድ የሚያስቀጣ ነገር አልነበረም። «ሁሉ ተፈቅዶልኛል» ይሉ ነበር። እሱም ቃላቸውን ሳይክድ «ሁሉ ግን የሚጠቅመኝ አይደለም» አለ፤ ወረድ ብሎም «ሥጋችሁ የክርስቶስ ብልቶች እንደ ሆነ አታውቁምን?» ብሎ ጠየቃቸው (1ኛ ቆሮ. 6፥12-15)። ልብ በል፣ ክርክሩን በፍርድ ቤት አላደረገውም። ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ማን እንደማይታሰር ይወስናል፤ የተጠመቀ ሥጋ የማን እንደሆነ ግን አይወስንም። «የሰው ሚስት አልነካሁም» የሚለውም አያወጣህም፤ ያ ሌላ ኃጢአት ነው፣ አንተ የሠራኸው ዝሙት ነው። እጮኛ ካጨህ በኋላ ከሆነ ደግሞ ቃል ማፍረስም ተጨምሮበታል።

ይህን ስል ሴቶቹን እንድትንቅ አይደለም። ጌታ ጋለሞቶች ቀድመዋችሁ ወደ መንግሥተ ሰማያት ይገባሉ ያለው ራሳቸውን ለሚያጸድቁ ሰዎች ነው (ማቴ. 21፥31)። ሚያዝያ 6 የምናስባት ማርያም ግብጻዊትም ከዚያው ሕይወት የተመለሰች ናት። በፈቃድ ወረቀት ላይ ሴትዮዋ መፈረሟ ይታያል፤ ዕዳ፣ የደላላ እጅ ወይም ርሃብ አስፈርሟት እንደሆነ አይታይም። ከፍለህ ስትገባ ይህን የማወቂያ መንገድ የለህም።

አሁን «ይመረመራሉ» ወደሚለው። እዚህ ላይ ጓደኞችህ ተሳስተዋል፤ የብዙ ሰው ጤና የሚበላሸውም እዚህ ነው። በጀርመን የግዴታ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2001 ቀርቷል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያለው ሕግ የሚያዝዘው ምዝገባና የጤና ምክር ነው፤ ምክሩ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነች ደግሞ በየስድስት ወሩ ነው። ምክር ምርመራ አይደለም፤ በመታወቂያዋ ላይ ያለው ማኅተም ስለ ደሟ የሚናገረው ነገር የለም። ኮንዶም ግዴታ ነው፣ ያለ ኮንዶም የተገኘ ደንበኛም እስከ 50,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። በአሜሪካ ኔቫዳ ባሉ ጥቂት ወረዳዎች ግን ምርመራው ራሱ ግዴታ ነው፤ ለጨብጥና ለክላሚዲያ በየሳምንቱ፣ ለኤችአይቪና ለቂጥኝ በየወሩ። ይህም ቢሆን ማክሰኞ የተመረመረች ሴት ረቡዕ በገባ ሰው ብትያዝ እስከሚቀጥለው ምርመራ «ንጹሕ» የሚል ወረቀት ይዛ ትቆያለች። በሁለቱም አገር የማይመረመረው ደግሞ አንድ ሰው አለ፤ ከፍሎ የሚገባው ወንድ።

በነገራችን ላይ ይህን «ሕጋዊነት» ይዘህ ኮምቦልቻ አትምጣ። እኛ ዘንድ ፈቃድ ያለው የዝሙት ቤት የሚባል ነገር የለም፤ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 634 እንዲህ ያለ ቤት የሚያስተዳድርንና በሌላው ዝሙት የሚኖርን ሰው ይቀጣል።

ኮንዶም በትክክል ከተጠቀምህበት ከኤችአይቪ፣ ከጨብጥና ከክላሚዲያ በእጅጉ ይከላከላል። የማይሸፍነው የሰውነት ክፍል ግን አለ፤ የቂጥኝ ቁስል፣ ሄርፒስና የማኅጸን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ በቆዳ ንክኪ ይተላለፋሉ። በአፍም ቢሆን ጨብጥና ቂጥኝ ይተላለፋሉ፤ «ያ አይቆጠርም» የሚል ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ «በኮንዶም ነበር» ማለትህ አደጋውን ያሳንሰዋል እንጂ ምርመራውን አያስቀርም።

ቀኑን አብረን እንቁጠር። ኅዳር 30 ብለን ብንይዝ የካቲት 30 ላይ 90 ቀን ይሞላል። ኤችአይቪን በተመለከተ ከክንድ ደም ተወስዶ በላቦራቶሪ የሚሠራው ምርመራ (ቫይረሱንም ፀረ እንግዳ አካሉንም የሚፈልገው) በስድስት ሳምንት አስተማማኝ ነው፤ ለአንተ ይህ ጊዜ አልፏል፣ አሁን መመርመር ትችላለህ። ከጣት ጠብታ ተወስዶ በደቂቃዎች ውጤት የሚሰጠው ግን ሦስት ወር ይፈልጋል። እኛ አገር በጤና ጣቢያ አዘውትሮ የምታገኘው ይህ ሁለተኛው ስለሆነ ያለ ጊዜው ተመርምረህ «የለብህም» ብትባል እርግጠኛ አያደርግህም። በጀርመን የየከተማው ጤና ቢሮ፣ ጌዙንድሃይትስአምት የሚሉት፣ ስምህን ሳይጠይቅ ይመረምርሃል።

ቂጥኝ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ የማያም ቁስል ያወጣል፤ አንዳንዴ እስከ ሦስት ወር ይዘገያል። ቁስሉ ያለ መድኃኒት ይድናል፣ ሰውም ዳንሁ ብሎ ይረሳዋል፤ በሽታው ግን በደም ውስጥ አለ። እርጉዝ ሚስት ከያዛት ጽንሱን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ አሁን ተመርመር፣ መጋቢት ላይ ድገመው። ከተገኘብህና ገና ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት አንድ ጊዜ በመርፌ ይበቃል፤ የቆየ ከሆነ በሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ይሰጣል። አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር፤ ከዳንህም በኋላ ፈጣኑ የቂጥኝ ምርመራ ዕድሜህን ሙሉ «አለ» ሊል ይችላል። የታከምህበትን ወረቀት በቀንና በመድኃኒት ስም አስጽፈህ ካልያዝህ በጋብቻ ምርመራ ላይ ሳይኖርብህ ሽማግሌ ይሰበሰብብሃል።

ጨብጥ በወንድ ላይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ መግልና ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ያሳያል፤ ክላሚዲያ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ በሴት ላይ ደግሞ ይበልጡን። ዝም ብሎ ቆይቶ የእንቁላል ማስተላለፊያ ቱቦዋን ይዘጋል፤ ልጅ ጠፋ ተብሎ ሴቲቱ በየደብሩ ስትንከራተት ምክንያቱ ባልየው ሆኖ ይገኛል። ለእነዚህ የሽንት ምርመራ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሠራል። ከመስጠትህ በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት አትሽና፤ ዕቃው ላይ የምትሰጠውም መጀመሪያ የሚወጣውን ሽንት ነው፣ መካከለኛውን አይደለም። ይህን እዚያው ሳለህ ጨርሰው። ወሎ ባሉ ጤና ጣቢያዎች አብዛኛው ሕክምና ምልክት ታይቶ የሚሰጥ ነውና፣ ምልክት ለሌለው ሰው መንገዱ ይረዝማል። ከመድኃኒት ቤት ራስህ ሲፕሮፍሎክሳሲን ገዝተህ እንዳትውጥ፤ ጨብጥ ይህን መድኃኒት በብዙ ቦታ ተላምዷል፣ ፈሳሹ ይቀንስና በሽታው ይቀራል። ከታከምህ ሰባት ቀን ትታቀባለህ፤ የነካሃትም ሴት ካለች እንድትታከም ይነገራታል፣ ያለዚያ ይመለሳል።

የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ከኤችአይቪ ይበልጥ በቀላሉ ይተላለፋል። ክትባቱ በአገራችን ከሕፃናት ክትባት ጋር የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ አንተም እጮኛህም በልጅነታችሁ አልተከተባችሁም ማለት ይቻላል። ሁለታችሁም ተመርመሩ፤ ነጻ ከሆናችሁ ሦስቱን መርፌ ውሰዱ፤ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላና ከስድስት ወር በኋላ።

በዐቢይ ጾም ለምርመራ ደም መስጠት ጾምን አይሽርም። የምትቆርብበትን ቀንና ደም የምትሰጥበትን ቀን ብቻ አታገናኛቸው።

ስለ ጸበሉ። ያ አባት ስለ ጸበል ኃይል ያሉትን አልነካም፤ ግሸን ወጥተህ ብትጠመቅ ደስ ይለኛል። «ምርመራ አያስፈልግህም» ያሉት ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና፤ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረው እሱ ነው ይላል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒቱንና ጸበሉን አብረው እንዲይዙ በይፋ ተናግረዋል። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱን እየጣሉ ጸበል ቦታ የሚሰነብቱ ሰዎች ነበሩ። የዛሬው የተለመደ መድኃኒት በቀን አንድ ፍሬ ነው፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ ጿሚ ማታ እህል ከቀመሰ በኋላ ሰዓቱን ጠብቆ ቢውጠው ጾምም ቅዳሴም አይከለክለውም። ሲጠመቁ ሰንብቶ «ዳንሁ» ማለት ከተፈለገም የሚታወቀው እንደገና በመመርመር እንጂ መድኃኒት በማቆም አይደለም።

አሁን ወደ ተክሊሉ። ይህን ቤተሰብህ ያልጠየቀህ፣ አንተም ያለፍኸው ነገር ነው። ሥርዓተ ተክሊል የደናግል ነው። ድንግልናውን ያጣ ሰው ንስሐ ገብቶ በቅዱስ ቁርባን ያገባል፣ ጸሎቱም የመዓስባን (ድንግል ላልሆኑት የሚደረስ) ጸሎት ነው፤ ጋብቻው ከዚያኛው የሚያንስ ጋብቻ አይደለም። አንዱ ድንግል ሌላው ካልሆነ እንዴት እንደሚፈጸም የሚወስነው የንስሐ አባትህና የደብሩ አስተዳዳሪ ነው። ቪዲዮውና ካባው ያምራል ተብሎ በዝምታ ተክሊል መድፋት ግን በካህኑም በእሷም ፊት ውሸት ነው፤ ከሁለቱ ጉብኝቶችህ ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ለንስሐ አባትህ ተናገር፤ ስንት ጊዜ፣ መቼ፣ ከእጮኝነቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ሳትሸፋፍን። በስልክ ጀምረህ በአካል ጨርሰው። ቀኖናውን የሚለካው እሱ ነው፤ ከጓደኛህ ቀኖና ጋር አታወዳድረው። ምርመራውንም ቀኖናው እስኪያልቅ አታዘግየው፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ለእሷ ትነግራታለህ። የቤቱን ዝርዝር፣ የሴቲቱን መልክ፣ የከፈልኸውን አይደለም፤ ያ የንስሐ ምሥጢር ነው፣ እሷ ላይ ማራገፍም ሸክም ማሻገር ነው። የምትነግራት ድንግል አለመሆንህን፣ ለበሽታ ሊያጋልጥ የሚችል ግንኙነት እንደነበረህና መመርመርህን ነው። አካሏን ለማን እንደምትሰጥ ሳታውቅ «እሺ» ብትል እሺታዋ ሙሉ አይሆንም። ሽማግሌ ከመላክህ በኋላ ቢሆንም ሠርግ ከመደገሱ በፊት ይሁን፤ አባቷ በሬ ከገዙ በኋላ ስትሰማ እምቢ ማለት ያስቸግራታል። ከተቆጣች የመቆጣት መብት አላት። አንተ መጋቢት ላይ ስትመጣ ደሴ ወጥታችሁ አብራችሁ ተመርመሩ፤ የኤችአይቪ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ነው። የአንድ ሰው ወረቀት ለሁለት አይሠራም።

ኤችአይቪ ቢገኝብህ ጋብቻ የተከለከለ አይደለም። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ የወረደ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም፤ ልጅም ነጻ ሆኖ ይወለዳል። ያ ግን ወራት ይፈልጋል፣ ሠርጉም ይራዘማል ማለት ነው።

ሰሎሞን «መንገድህን ከእርስዋ አርቅ፥ ወደ ቤትዋም ደጅ አትቅረብ» ያለው ስለ መሄጃ መንገድህም የተሰጠ ምክር ነው (ምሳ. 5፥8)። ፍራንክፈርት ላይ እነዚያ ቤቶች የተሰበሰቡት በዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው፤ ደመወዝ በገባ ቅዳሜ ማታ ያን ጣቢያ ተወው፣ በሌላ ፌርማታ ውረድ። ብቻህን ባትኖር ይሻላል።

ከጓደኞችህ ወደ እነዚያ ቤቶች የሚሄድ ካለና ምክርህን ካልሰማ የሚከተለውን ንገረው። ፈቃድ መስጠቴ አይደለም፤ በዝሙት ላይ ነፍስ ማጥፋት እንዳይጨመር ነው። ኮንዶም በኪስ ቦርሳና በመኪና ውስጥ በሙቀት ይበላሻል፤ ቫዝሊን፣ ቅባትና ሎሽን ላስቲኩን ያቀልጡታል፤ ሁለት መደረብ ያቀዳድደዋል። ከተቀደደ ወይም ከወለቀ ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከቅዳሴ በኋላ እሄዳለሁ ቢል ሊያመልጠው ይችላል፤ ቀድሞ ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።