ግሬዱ ካልመጣ ምስጋናው ይቀራል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። ኮምቦልቻ ካምፓስ የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ሴሚስተሩ ሲጀመር «ከ3.5 በላይ ካመጣሁ ጥላ አስገባለሁ» ብዬ ለቅዱስ ገብርኤል ተስዬ ነበር። ውጤት ሲለቀቅ 2.9 ሆነብኝ። ስለቱን ላስገባ ወይስ ይቅር? እውነቱን ልንገርዎትና ጓደኞቼ «ተመስገን» ሲሉ እኔ ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። የማመሰግንበት ነገር አጣሁ። ይሄ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የስለቱን ጉዳይ ባጭሩ ልጨርሰው። ስለትሽ «ይህ ከሆነ» የሚል ነበር፣ አልሆነም። ዕዳ አለብኝ ብለሽ አትጨነቂ። መክብብ 5፥4 ላይ «ትከፍለው ዘንድ አትዘግይ» የተባለው የለመኑት ደርሶላቸው ዛሬ ነገ ለሚሉ ነው። ጥላውን በፍቅር ልስጥ ካልሽ የሚከለክልሽ የለም። ግን ገንዘቡ ቤተሰብ ለአስቤዛሽ ከሚልክልሽ ላይ የሚቀነስ ከሆነ አስቀድመሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

እኔን ያሳሰበኝ ወደ መጨረሻው ያልሽው ነው። «የማመሰግንበት ነገር አጣሁ።» ይህን ከደሴም ከኮምቦልቻም ተማሪዎች ውጤት በተለቀቀ ቁጥር እሰማዋለሁ። ከፍ ያለ ውጤት ያመጡትም ቢሆኑ ከዚህ አልዳኑም፤ «ግሬዴን ሰጠኝ፣ ስለቴን ሰጠሁ፣ አለቀ» ብለው እስከሚቀጥለው ፈተና ቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይደርሱ አሉ። አንዱ አዝኖ ይቀራል፣ አንዱ ደስ ብሎት ይቀራል። ስሕተቱ ግን አንድ ነው፤ ምስጋናን የግሬድ ዋጋ አድርገውታል። ዕቃው ከመጣ ይከፈላል፣ ካልመጣ አይከፈልም። ይሄ ንግድ ነው።

እስቲ ጸሎተ አኮቴትን፣ የምስጋናውን ጸሎት፣ አስቢው። ቅዳሴ ባስቀደስሽ ቁጥር ትሰሚዋለሽ። «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ»፣ መልካም ነገርን ያደረገልንን እናመስግነው፣ ብሎ ይጀምርና የምናመሰግንበትን ምክንያት ይዘረዝራል፤ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ወደ እርሱ ተቀብሎናልና፣ አጽንቶናልና፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና። የጠየቅነውን ቆጥሮ ሰጥቶናልና የሚል እዚያ ውስጥ የለም።

እስከዚህች ሰዓት መድረስ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፣ ወድሟል፣ ተማሪው ተበትኗል። ዛሬም በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። አንቺ ግን ክፍል ገብተሽ ተማርሽ። ሚድም ፋይናልም ተፈተንሽ። ሴሚስተሩ ሲጀመር የማታውቂውን ዛሬ ታውቂያለሽ፣ ግሬዱ ስላነሰ ያወቅሽው አልጠፋም። ያነበብሽበት ዓይን፣ ያስተዋልሽበት አእምሮ፣ ያስተማረሽ መምህር፣ ካፌ ውስጥ ሌሊት ተነስተው ቁርስሽን የሠሩልሽ እናቶች፣ እነዚህ ሁሉ ከማን መጡ?

ሐዘንሽ ይገባኛል። ሰው ለፍቶ ያሰበው ሳይሳካ ሲቀር ያመዋል፣ ማልቀስም ኃጢአት የለውም። በዚያው ተኮራርፎ መቅረቱን ነው የምፈራልሽ።

ዳንኤልም ተማሪ ነበር። ባቢሎን ተወስዶ ከጓደኞቹ ጋር ሦስት ዓመት እንዲማር ነው የተመደበው፣ ለአራቱም ልጆች እውቀትንና ማስተዋልን የሰጣቸው እግዚአብሔር እንደሆነ መጽሐፉ ይነግረናል (ዳን. 1፥17)። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ምዕራፍ 6 ላይ ያለው ነው። ለአንበሳ የሚያስጥለው ዐዋጅ እንደተጻፈ ካወቀ በኋላ ቤቱ ገባ፣ ተንበረከከ፣ ጸለየ፣ አመሰገነም። ያውም «ቀድሞ ያደርግ እንደ ነበረ»። መልአኩ ገና አልመጣም፣ የአንበሶቹም አፍ ገና አልተዘጋም። መጨረሻው እንዴት እንደሚሆን ሳያውቅ ነው ያመሰገነው።

የወሎ ሰው ይህን በቋንቋው ይዞታል። አንዷን እናት መንገድ ላይ «እንደምን አሉ» ብትያቸው ክርስቲያኗ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፣ ሙስሊሟ «አልሃምዱሊላህ» ይላሉ። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ ኑሮው እንደከበደ የሚነግሩሽ ከዚያ በኋላ ነው። ምስጋናው ይቀድማል፣ ችግሩም አይደበቅም። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። «ተመስገን፣ ውጤቴ ግን አሳዝኖኛል» ብለሽ ለእግዚአብሔር ንገሪው። ስሜቱ እስኪመጣ አትጠብቂ፣ አፍሽ ይጀምር፣ ልብሽ ቀስ ብሎ ይከተላል።

አንድ ነገር ደግሞ ለሌሎቻችሁም ልበል። ኮርጆ ባመጣው ውጤት ስለት የሚያስገባ ተማሪ አለ። ይሄ ልክ አይደለም! ቅዱስ ገብርኤል የኩረጃ ተባባሪ አይደለም። እንዲህ ያደረጋችሁ መጀመሪያ ንስሐ ግቡ፣ ጥላው ይቆይ። ባንቺ 2.9 እና ተኮርጆ በመጣ 3.8 መካከል ብመርጥ፣ እኅቴ፣ ያንቺን ይዤ መቅደስ ደጅ ብቆም ይሻለኛል።

እንግዲህ ለዕረፍት ስትወጪ በደሴ የምታልፊ ከሆነ መድኃኔዓለም አስቀድሺና ሂጂ። ከዚያ በፊት ግን እናትሽ ጋ ደውዪ፣ ውጤቱን ሳትደብቂ ንገሪያቸው፣ ስላስተማሩሽም አመስግኛቸው። ብዙ ልጅ ይህችን ይረሳል። የፈተና ወረቀትሽን ጠይቀሽ የት እንደሳትሽ እዪ፣ ይሄም ለተሰጠሽ አእምሮ ክብር መስጠት ነው። የጨረስሽባቸውን ሃንድአውቶች ዶርም ውስጥ አትከምሪያቸው፣ ከታች ላሉት ስጪ።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር ልሳል ካልሽም በራስሽ እጅ ያለውን ተሳዪ። ከአንደኛ ዓመቶቹ ሒሳብ የከበዳትን አንዷን አስጠናለሁ በዪ፣ ግሬድሽ ወጣም ወረደም አድርጊው። ጥላውን ሥራ ይዘሽ የመጀመሪያ ደመወዝሽን ስትቀበዪ፣ ያኔም ልብሽ ከፈቀደ፣ ታመጪዋለሽ።